ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ያወራል

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል መፍራት እጀምራለሁ። ሌላው ሰው ያን ጊዜ ይወደዋል፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የቢሮ ባልደረቦቼም ከምሳ በኋላ ደምበል አካባቢ ፀሐይ እየሞቁ ይሳሳቃሉ። እኔ ብቻ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ጨጓራዬ ነው እላለሁ። ወይን እየደረሰ ነው፣ አባቴ ሊወርድ ነው ብላቸው ማን ይገባዋል? በአዲስ አበባ መሀል፣ ካዛንቺስ ውስጥ፣ የወይን ለቀማ ደረሰ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ከእኛ ቤት በቀር ያለ አይመስለኝም።

አባቴ ወይን ጠጅ ይጠምቃል። እንጀራው ግን ባቡር ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለገሃር ጣቢያ ቲኬት ሲቆርጥ ኖሯል። ወይኑን የወረሰው ከአባቱ ነው። አያቴ ደብረ ዘይት ላይ፣ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያይ ዳገት፣ ትንሽ መሬት ነበረችው። መሬት ማለትም ይከብዳል፤ የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ቀይና ጥቁር ገረጋንቲ ነው፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ሐይቆቹም የዚያ እሳት አፎች ናቸው። እዚያ ላይ ጤፍ የዘራ ሰው ጭድ እንኳ አያገኝም፤ ወይን ግን ይስማማዋል። አያቴ በወጣትነቱ አንድ ጣልያን ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ ተከላውንም ጠመቃውንም ተማረ፣ ሰውዬው አገሩ ሲገባ እሱ ቀጠለ። ያኔ አካባቢው ሁሉ የወይን አገር ነበር ይላል አባቴ። ዛሬ ዳገቱ ላይ የቀረነው ጥቂት ቤተሰቦች ነን፤ ሌላው ሪዞርት ሆኗል።

ለቀማው ሲያልቅ ወይኑ በአይሱዙ ተጭኖ ካዛንቺስ ይመጣል። ለምን እዚያው አትጠምቁም የሚለን ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ምድር ቤታችን ነው፤ ምድር ቤት ስል ከመሬት በታች ያለውን ማለቴ ነው። አያቴ የገዛው ቤት ጣልያን የሠራው ነውና ከሥሩ በድንጋይ የታነጸ፣ በጋም ክረምትም የሚቀዘቅዝ ትልቅ ክፍል አለው። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለቆመ በጓሮ በኩል በደረጃ ይወረዳል፤ በመንገዱ በኩል ግን የምድር ቤቱ ወለል ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በዚያ በኩል፣ ከግድግዳው ግርጌ፣ ድመት የሚያሳልፉ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። ለእኛ ቤት ከበርና ከመስኮት የሚበልጡት እነሱ ነበሩ።

ምክንያቱም ወይን ሲፈላ ይተነፍሳል። በርሜል ውስጥ የገባው ጭማቂ እሳት ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ እየተንጫጫ ይፈላል፤ ያኔ የሚወጣውን ጋዝ በቤታችን ትንፋሹ እንለዋለን። ትንፋሹ አይታይም። ጥሩ ጥሩ የሚሸተው ወይኑ ነው፤ እሱ ራሱ ምንም አይሸትም። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛና እንደ ውሃ ከእግር ጀምሮ ይሞላል። ሰው አፍ ላይ ሲደርስ፣ ሰውዬው ሳይጮህ ይወድቃል። ቀዳዳዎቹ የተሠሩት ትንፋሹ በእነሱ በኩል ወደ መንገዱ እንዲፈስ ነው።

እንግዲያው ለምን ይወረዳል? የወይኑ ልጣጭ ከፈላው ጭማቂ ላይ እየተንሳፈፈ እንደ ክዳን ይወፍራል። ጠዋትና ማታ በረጅም ማማሰያ ወደ ታች ካልተደፈቀ ይደርቃል፣ ይሻግታል፣ የዓመት ልፋት ኮምጣጤ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰው መውረድ አለበት፤ የሚወርደውም አባቴ ነው።

አያቴ ሁለት ወንድሞች ነበሩት። ገና ደብረ ዘይት እያሉ፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ሲጠምቁ፣ አንደኛው ወርዶ ወደቀ። ሁለተኛው ሊያወጣው ወረደ፣ እሱም ወደቀ። አያቴም ሦስተኛ ሆኖ ሊከተል ሲል ሰዎች ከዛፍ ጋር አስረው አስቀሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ሕግ ወጣለት። የሚወርድ ሰው በርቶ የሚታይ ሻማ ይዞ ይወርዳል፤ ሻማው ከጠፋ ይወጣል። የሚወርድ ሰው ሳያቋርጥ ጮክ ብሎ ያወራል፤ ከደረጃው አናት ደግሞ የሚሰማው ሰው ይቀመጣል። የመጨረሻውን ሕግ አባቴ በየዓመቱ፣ ገና የመጀመሪያው ሳጥን ከመኪናው ሲወርድ፣ እኔንና እናቴን አቁሞ ይደግመዋል፤ እኔ ብወድቅ ማንም ወደ እኔ እንዳይወርድ ይላል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ ፊቷን ታዞራለች።

አባቴ ታች ሆኖ የሚያወራው ጣቢያዎቹን ነው። ከለገሃር ይነሳና አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት እያለ፣ በየጣቢያው ማን ይሳፈር እንደነበር፣ ምን ይሸጥ እንደነበር፣ የትኛው ጣቢያ ሹም ነገረኛ እንደነበር እየተረከ ይቀጥላል። ድሬዳዋ ሲደርስ ሥራው ያልቃል፤ ካላለቀ ተመልሶ ይሳፈራል። ልጅ ሆኜ ደረጃው አናት ላይ ተቀምጬ ስሰማው ከድምፁ ሌላ ዓለም አልነበረኝም። አዋሽ ላይ ምራቁን ለመዋጥ ዝም ካለ የእኔ ትንፋሽ ይቆም ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዛሬም ያው ነኝ። ጓደኞቼ ሥጉ ይሉኛል፤ ትክክል ናቸው።

ባለፈው ዓመት ሌላ ፍርሃት ተጨመረብን። ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ ዳር ላይ ነበርን። ከእኛ በላይ የነበሩት አብረውን ያረጁ ጎረቤቶች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፣ ዶዘሩ የቡና ቤቶቹን ግድግዳ ሲገፋ እኛ ቤት ብርጭቆ ይንቀጫቀጭ ነበር። የእኛ መስመር ይቆያል ተባለ። እስከ መቼ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሰው አፉ ላይ ይደርቃል። ከዚያ መንገዱ ሰፋ፣ ንጣፉ አማረ፣ ዘንባባ ተተከለ፣ ልክ ግድግዳችን ሥር ሰው የሚቀመጥባቸው አግዳሚዎች ተደረደሩ። እኛም እንደ ሌላው ግድግዳችንን ግራጫ ቀባን።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣ። ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በመንገድ ባለፈ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ሲያልፍ ተመልሶ ይቀመጣል። የንግድ ፈቃዱ በፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሆኖም ሰው ዓይን ውስጥ የገባ ቤት አይተርፍም ብሎ አምኗል። በሩ ላይ ድምፅ ከፍ አድርገን እንኳ እንዳንጠራራ ይቆጣን ነበር። እናቴ አሁን እኛ ቤት ውስጥ የምንኖረው እንደ ሌባ ነው አለችኝ አንድ ቀን፣ ልብስ እያሰጣች።

በግድግዳችን ጥግ ልብስ የሚሰፋ ጎረቤት አለን፤ አባቱ ከወሎ መጥተው እዚያችው ሱቅ ውስጥ ሰፍተው ያሳደጉት፣ የእኔ እኩያ ነው። እስላም ስለሆነ ከወይኑ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ለቀማ ሲደርስ ግቢያችን አይገባም፣ ከበር ሆኖ ግን አባቴን ሳይተርበው አይውልም። መስከረም ላይ አባቴን እንዲህ አለው፤ ጋሼ፣ ዘንድሮ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ በእርስዎ ሽታ ሰክሮ ነው የሚነሳው፣ ቱሪስቱ ራሱ ሄዶ መንግሥትን አድራሻ ይጠይቃል። ሁላችንም ሳቅን። አባቴም ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ሲሚንቶና አሸዋ አቡክቶ፣ ተንበርክኮ፣ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ሲደፍን አገኘሁት።

ክው አልኩ። አባዬ ምን እያደረግክ ነው ስለው ቬንትሌተር እገዛለሁ አለኝ፤ ደረጃው አናት ላይ አቁሜው አየሩን ይመታዋል፣ በር ይከፈታል፣ በቃ። በዕድሜዬ ሙሉ ያስተማረኝን ነገር በአንድ ባልዲ ሲሚንቶ ሲያፈርሰው እያየሁ፣ አጥብቄ መከራከር አልቻልኩም፤ ቤቱን ማጣት እኔም እፈራ ነበርና። እናቴ ብቻ ነገሩን አልወደደችውም። ሰው ፊት ክርክር አታውቅም፤ ማታ ግን እራት ሳታቀርብለት ተኛች።

ኅዳር ገባና ወይኑ መጣ። ጓሮ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ረገጥነው፣ በርሜሎቹን ሞላን፣ ከቀናት በኋላ ያ የዝናብ ድምፅ ከሥር መሰማት ጀመረ። ቬንትሌተሩ እየጮኸ ይሠራ ነበር። አባቴ ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ከድሬዳዋ ይመለሳል። እኔ ከሥራ በፊት ጠዋት እሰማዋለሁ፣ ማታ እናቴ ትሰማዋለች። ሽታው ወደ መንገድ አይወጣም ነበር። ልብስ ሰፊው ዘንድሮ አልጠመቃችሁም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፣ አባቴ ቀዳዳዎቹን የደፈነው በእሱ ቀልድ ምክንያት እንደሆነ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ቀልዴን እኮ ነው አለ፣ ደጋግሞ።

ቅዳሜ ዕለት ነው። ዓርብ ማታ መብራት ሄዶ ሌሊቱን አልመጣም። ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ በሩ ተዘግቶ አድሯል። አባቴ ጠዋት ተነስቶ በሩን ከፈተና ትንሽ አየር ይግባ ብሎ ሻይ ጠጣ። መብራት እስኪመጣ እንጠብቅ ብዬ ለመንኩት። ልጣጩ ደርቋል፣ ዛሬ ካለፈ አበቃ አለኝ። ከዚያም ሻማ ለኮሰ። ሻማው ሁልጊዜ የሚቀመጠው የመጨረሻው፣ ታችኛው ደረጃ ላይ ነው። ያን ቀን ግን ታችኞቹ ደረጃዎች ላይ ባዶ የጠርሙስ ሳጥኖች ተደርድረው ስለነበር መሀል ላይ አስቀመጠው። እኔም አየሁት፣ እሱም አየው፣ አንዳችንም ምንም አላልንም። ሻማው በርቶ ነበራ።

ደረጃው አናት ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ግቢው ውስጥ ምስር ትለቅማለች። አባቴ ከለገሃር ተነሳ። አቃቂን አለፈ፤ ዱከም ላይ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ሴት ቲኬት ሳትቆርጥ የሄደችበትን ታሪክ፣ መቶ ጊዜ የሰማሁትን፣ ተረከ። ናዝሬት ላይ ሳል ያዘው። ወለንጪቲን ሁለት ጊዜ ጠራው። አባዬ ውጣ አልኩት። እሺ፣ አንዲት በርሜል ቀረች አለኝ፤ ድምፁ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፅ ነበር። መተሐራ አለ። ቀጥሎ የእንጨት ድምፅ ሰማሁ፤ ማማሰያው ወደቀ መሰለኝ፣ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል የጃኬቱ ጀርባ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም።

አባዬ ብዬ ጠራሁ። ወይኑ ይንጫጫል። ሻማው መሀል ደረጃ ላይ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ያ ሻማ ምን ያህል እንዳስፈራኝ መናገር አልችልም፤ ምንም አልሆነም እያለ የሚዋሽ ነበር የሚመስለው። ትንፋሹ ከሻማው በታች ሞልቷል፣ አባቴ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ አንድ እግሩ ብቻ ነበር፣ የጫማው ክር ተፈትቷል። ጮህኩ መሰለኝ፤ ምክንያቱም የምስሩ ሰፌድ ሲወድቅ ሰማሁ፣ እናቴም አጠገቤ ደረሰች።

እናቴ አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት፣ ስኳርም አለባት። ግን ያን ዕለት የነበራት ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ነጠላዋን ጥላ ደረጃውን ልትወርድ ስትል ከወገቧ ያዝኳት። ታገለችኝ። ክንዶቿን ጠፍሬ ወደ ኋላ ጎተትኳት፣ ሁለታችንም በሩ ላይ ወደቅን፣ እንደገና ተነሳች፣ እንደገና ያዝኳት። ጥፍሯ አንገቴን ቧጠጠው። በሕይወቷ ክፉ ቃል ያልሰማሁባት ሴት የማልደግመው ስድብ ሰደበችኝ።

"ልቀቂኝ፤ ባሌ ነው" አለችኝ።

"አባቴም ነው" አልኳት፣ አልለቀቅኳትም።

ልብስ ሰፊውን የጠራሁት በስሙ ይሁን በምን አላስታውስም። ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ሲል ሰማሁ። ቀዳዳውን፣ ቀዳዳውን ክፈተው ብዬ ስጮህ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። በኋላ እንደነገሩኝ መንገዱ ዳር የዛፍ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ሠራተኞች የአንዱን ድጅኖ ነጥቆ፣ ያን ያማረ ግራጫ ግድግዳ ከግርጌው መምታት ጀመረ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ እብድ ነው፣ ያዙት ብሎ ነበር አሉ። እኔ ግን የሰማሁት ምቱን ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ምት እናቴ በእጄ ውስጥ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ወይም የምንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ። ድጅኖው ሲያርፍ፣ በየመሀሉ ዝም ሲል፣ ያ ዝምታ የአባቴ ሞት ይመስለኝ ነበር። ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያልኩ ለማን እንደምናገር እንኳ አላውቅም።

ድንገት ምድር ቤቱ ወለል ላይ የቀን ብርሃን ገባ። ቀጥሎ ሁለተኛው ቀዳዳ ተከፈተ። በመንገዱ በኩል የወይን ሽታ ሲወጣ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ አሉ። በእኛ መስመር የቀሩት ጎረቤቶቻችን ገብተው እናቴን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ እኔ ሌላ ሻማ ለኩሼ ጣሳ ውስጥ አድርጌ በገመድ ወደ ታች ለቀቅኩት። ጠፋ። ጎትቼ ለኮስኩት፣ አሁንም ጠፋ። የአባቴ እግር እዚያው ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። ሰዎች ከኋላዬ ውረዱ፣ ምን ትጠብቃላችሁ ይላሉ፤ እኔ በሩን በሁለት እጄ ይዤ ማንንም አላሳልፍ አልኩ። እንደገና ለኮስኩ። ሦስተኛውን ጊዜ ነበልባሉ ተኛ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ። ወለሉ አጠገብ በርቶ ቆየ።

ልብስ ሰፊው አቧራ ለብሶ ሮጦ መጣና ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። እኔ ልውረድ አልኩት፣ አንቺ ገመዱን ያዢ አለኝ። ያ ወይን ያለበት ግቢ የማይገባ ሰው የወይን ምድር ቤት ሊወርድ ነው። ቢስሚላህ ብሎ አንድ ደረጃ ሲወርድ አታቋርጥ፣ እያወራህ ውረድ ብዬ ጮህኩበት። ምን እንደሚያወራ ግራ ገባው። ከዚያ አባቴን ማናገር ጀመረ።

"ጋሼ፣ ቀልዴን ነበር እኮ" አለ። "ማለቴ፣ ያልኩት ሁሉ ለጨዋታ ነው። ጋሼ፣ በአላህ፣ ስንት ጊዜ ቀልጄብዎታለሁ? ዛሬ ለምን አመኑኝ? ይነሱ ጋሼ። ቀልዴን ነበር።"

እንዲህ እያለ ወረደ፣ እንዲህ እያለ ብብቱ ሥር ያዘው፣ እንዲህ እያለ ሳጥኖቹን በእግሩ እየገፋ ወጣ፤ ሠራተኞቹና እኔ ገመዱን ሳብን። አባቴን ጓሮው ውስጥ ስናጋድመው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ደረቱ አይንቀሳቀስም መሰለኝ። ያን ጊዜ ያለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚያ ከጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ወጣ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ፣ እናቴ እላዩ ላይ ተደፋች።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሲሰጡት ዋሉ። ሐኪሙ እንዳለን፣ ሲወድቅ ጀርባው በርሜል ላይ ተደግፎ ስለቀረ ጭንቅላቱ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ያች ትንሽ ነገር አተረፈችው። ሙሉ በሙሉ ሲነቃ ማታ ሆኗል። እኔ አልጋው ጫፍ ቆሜያለሁ፣ አንገቴ ላይ የእናቴ ጥፍር ይቃጠላል። ዓይኑን ገልጦ አየኝና ግድግዳውን የሚመታው ማን ነበር አለኝ፣ ተቆጥቶ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። ስነግረው፣ በሉ ሳይነጋ ዝጉት፣ ሰው ያየዋል አለ።

እናቴ ወንበሩ ላይ ነበረች። ሳትነሳ መለሰችለት።

"አይዘጋም" አለችው። "ቤቱን የሚፈልግ ይውሰደው። አንተን ቀብሬ የማድርበት ቤት አልፈልግም።"

አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ ግድግዳው አንድም ቃል አልተናገረም። ቀዳዳዎቹ እስከ ዛሬ ክፍት ናቸው፤ ድጅኖው ያፈረሰው ዙሪያው እንኳ በደንብ አልተለሰነም። አንድ ቀን ሰው መጥቶ ምንድን ነው ይሄ ይለን ይሆናል። ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ባለፈ ቁጥር አሁን የምነሳው እኔ ነኝ።

ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። እናቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፊቴን አላየችም። ሆስፒታል ሳለን ምግብ ሳመጣላት ትቀበለኛለች፣ ታመሰግነኛለች፣ ዓይኗን ግን ግድግዳው ላይ ታደርጋለች። አባትሽ የተረፈው እናትሽን በመያዝሽ ነው፣ እሷም ብትወርድ ኖሮ ሁለት ሰው ማውጣት አይቻልም ነበር ይሉኛል ጎረቤቶቹ። እኔ ግን በውስጤ እናቴን አጣኋት እል ነበር። ባሏ ታች እየሞተ ወደ ኋላ የጎተተቻትን ልጅ እንዴት ትወዳለች?

አባቴ ወደ ቤት ሊመለስ በዋዜማው፣ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። የሹራቧ እጅጌ ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ክንዷ ላይ የጣቶቼ ምልክት ጥቁርና ቢጫ ሆኖ ይታያል። እያየሁት እንደሆነ ገባት። አልሸፈነችውም።

"እኔን አንቺ ያዝሽኝ" አለችኝ። "አንቺን ማን ያዘሽ?"

ወቀሳ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ሕጉ ነው ልላት እችል ነበር። የአባዬን ቃል አክብሬ ነው ብላት ሁሉም ሰው እውነት ነው ይል ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት ሕጉ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ያ ቀጥ ብሎ የሚነድ ሻማና ከሥሩ ያለው የማይታይ ነገር ነው። እግሬ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር። እሷን የያዝኳትም ልክ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሰው ዛፍ እንደሚይዝ ነው፤ ብለቃት የምወድቅ መስሎኝ።

"ፈርቼ ነው እማዬ" አልኳት። "ሌላ ምንም አይደለም። ፈራሁ።"

አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች አለፈች፣ እግራችንን ሰበሰብን። ከዚያ እናቴ ዞራ አየችኝ፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። አንገቴ ላይ የቧጨረችኝን በጣቷ ነካችው።

"እንኳን ፈራሽ" አለችኝ።